ማሽን ውስጥ ሆኜ ያየሁት የኮርንዎል ባሕር

ይህ የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት በበረዶው ወራት ነው። ሰው ስለ እንግሊዝ አገር ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሪችፊልድ የምትባል ከተማ ነው፤ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን እንከባከባለሁ። በዚያ ሰሞን ራሴን ክፉኛ ያመኝ ነበር። አንድ ቀን ሺፍት ላይ እያለሁ ወደቅሁ። ሐኪሙ ጭንቅላቴ በኤምአርአይ እንዲታይ አዘዘ። "እጢ ሊሆን ስለሚችል ማረጋገጥ አለብን" ሲለኝ ባለቤቴ ከማል እጄን ያዘኝ። እኔ የማስበው ስለ ልጃችን ስለ ሐያት ነበር።

የቀጠሮው ቀን ማሽኑ ውስጥ ሲያስገቡኝ ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣ። ፊቴ ላይ ፍርግርግ ነገር ደፉብኝ። ጣሪያው አፍንጫዬን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ መቃብር የገባሁ መሰለኝ። ከጨነቀሽ ጭመቂው ብለው የሰጡኝን የጎማ ኳስ ወዲያው ጨመቅሁት። ሲያወጡኝ አለቅስ ነበር። "አልችልም፣ ቤቴ ልሂድ" አልኩ።

ማሽኑን የምታሠራው ጄን የምትባል ጠና ያለች ሴት ነበረች። አልተቆጣችም፣ አላጣደፈችኝም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አስጠራች። አንድ ረጋ ያለ ድምፅ ያለው ሰው መስመሩ ላይ መጣ።

"ዓይንዎን ይጨፍኑና የሚወዱትን ቦታ ያስቡ ትላለች" አለኝ።

"ምንም አይመጣልኝም። የሚታየኝ ማሽኑ ብቻ ነው።"

ጄን መለሰች፤ አስተርጓሚው ነገረኝ። "እንግዲያው እኔ ወደተወለድኩበት ልውሰድዎት ትላለች። ኮርንዎል ይባላል፤ የእንግሊዝ ጫፍ ላይ ያለ አውራጃ ነው።"

ተመልሼ ገባሁ። ማሽኑ ያንኳኳል፣ ይጮኻል። ጋብ ባለ ቁጥር በጆሮ ማዳመጫው መጀመሪያ የጄን፣ ቀጥሎ የአስተርጓሚው ድምፅ ይመጣል።

"አሁን ገደል አፋፍ ላይ በቀጭን መንገድ እየሄድን ነው። በስተግራ ባሕር፣ በስተቀኝ ቢጫ አበባ ያለው እሾሃማ ቁጥቋጦ አለ። ነፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ ሻሽዎን ያዝ ያድርጉ።"

ማሽኑ ጮኸ። ሲያበቃ ድሮ የቆርቆሮ ማዕድን ይወጣበት የነበረ ፍርስራሽ ጋ ደረስን። ከድንጋይ የተሠራው የጭስ ማውጫ ገደሉ ላይ ብቻውን ቆሟል። የጄን አያት ከባሕሩ ሥር ድረስ እየገቡ ይቆፍሩ እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ አስተርጓሚው ተደናቀፈ።

"ቆፋሪዎቹ ለምሳ ይዘውት የሚወርዱት ነገር አለ። ሊጥ ውስጥ ሥጋና ድንች ተደርጎ... ይቅርታ እህቴ፣ በአማርኛ ምን እንደሚባል አላውቅም። ትልቅ ሳምቡሳ ይበሉት።"

ሳቄ መጣ። "አይሳቁ፣ ምስሉ ይበላሻል ትላለች" አለኝ፤ እሱም ሳቁን አፍኖ ነው።

በመጨረሻ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረድን። ፊት ለፊታችን አናቷ ላይ ጥንታዊ ምሽግ ያለባት ትንሽ ደሴት አለች። ውሃው ሲሞላ ያለ ጀልባ አይደረስባትም፤ ሲጎድል ግን ከሥሩ የድንጋይ መንገድ ብቅ ይላል።

"እስኪጎድል ድረስ ሳንንቀሳቀስ እንጠብቃለን" አለች ጄን።

የመጨረሻው ጩኸት ረጅም ነበር። ኳሱን ግን አልጨመቅሁትም። ውሃው ቀስ እያለ ሲሸሽ ይታየኝ ነበር።

ውጤቱ አልሐምዱሊላህ መልካም ሆነ። እጢ የለም ተባልኩ፤ ራስ ምታቱም በመድኃኒት ተሻለኝ።

ባለፈው ሰመር ለንደን የሚኖረው ወንድሜ ሲያገባ ሄድን። ከሠርጉ በኋላ "ኮርንዎልን ሳላይ አልመለስም" ብዬ ከማልንና ሐያትን በባቡር ይዣቸው ሄድኩ። ስንደርስ ዝናብና ጉም ነው። ሐያት በእንግሊዝኛዋ "ምንም የለም እኮ" አለችኝ። ሥጋው ሐላል መሆኑን ስላላወቅን ከድንችና ከአይብ የተሠራውን "ሳምቡሳ" ገዝተን በላንና ተኛን።

በነጋታው ሰማዩ ጠራ። ባሕሩም ጎደለ፣ መንገዱ ወጣ። ድንጋዮቹ የባሕር ሣር ለብሰው ያንሸራትታሉ። ሐያት ጫማዋን አውልቃ እየጮኸች ወደ ደሴቲቱ ስትሮጥ ከኋላዋ ፎቶ አነሳኋት።

ስንመለስ ፎቶውን አሳጥቤ ለጄን ሆስፒታል ወሰድኩላት። ረጅም ጊዜ አየችው። ወላጆቿ ከሞቱ በኋላ ቤታቸው ተሸጧል። ማን ጋ ልሂድ ብላ ከዚያ ወዲህ አገሯን እንዳላየች ነገረችኝ።

"ውሃው ቀዝቃዛ ነበር?" አለችኝ።

"በጣም።"

"ሁልጊዜም እንደዚያ ነው" አለች፤ ፎቶውን ከእጇ አላስቀመጠችም።

ያን ቀን ለእኔ ብላ ብቻ የምታወራ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እሷም ከእኔ ጋር አገሯ ደርሳ የተመለሰች ይመስለኛል።