እናቴ የተሳለመችው የሎንዶን ግንብ

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ፣ በጠራራ ፀሐይ... እናቴ ሎንዶን መሃል ጫማዋን አወለቀች።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እናቴ ከጎንደር መጥታ ሰቨን ሲስተርስ በሚባል የሎንዶን ሰፈር ባለችው አንድ ክፍል ቤቴ ሦስት ሳምንት ተቀመጠች። ሦስቱንም ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ነው ሲያብሰለስላት የከረመው። «ጎረቤትህ ስምህን አያውቅ... ቢያምህ በርህን የሚያንኳኳ የለ... ለማን ጥዬህ ልሂድ?» ትለኛለች። «ደህና ነኝ እኮ እማዬ» እላታለሁ። አታምነኝም።

ቅዳሜ ተመላሽ ስለሆነች፣ ሥራዬን አይታ ልቧ ይረፍ ብዬ ሐሙስ ይዣት ሄድኩ። መሃል ከተማ አንድ የመስታወት ፎቅ ላይ ሴኩሪቲ ነኝ። ከፎቁ ጀርባ ትንሽ የአትክልት ቦታ አለች። ዳሯ ላይ ፍርስራሽ ግንብ ቆሟል። ስድስት ዓመት ሙሉ ምሳዬን የበላሁት እዛ ግንብ ሥር ነው። አንዳንዴ ጀርባዬን ደገፍ አድርጌ አሸልባለሁ... ድንጋይ ነዋ!

እናቴ ግንቡን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«የማን ደብር ነው?»

«ደብር አይደለም እማዬ፣ የከተማው ቅጥር ነው። የድሮ ነገሥታት ጠላት እንዳይገባ እያሉ ሲጠግኑት የኖሩት።»

«አንተ ልጅ! ግንብ ሥር ያደግኩትን ሴት ስለ ነገሥታት ልታስተምረኝ ነው? ንጉሥ ባለበት የሚጸልይለት አይጠፋም» አለችና ጫማዋን አወለቀች። አማትባ፣ ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ተሳለመችው።

ሳንድዊች የሚበሉት ሱፍ ለባሾች በሙሉ ዞሩ። አንዷ ማኘክ አቆመች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ!

ይባስ ብሎ ኮሊን መቀሱን ይዞ ወደ እኛ መጣ። ኮሊን አትክልቱን የሚንከባከብ ሽበታም ሰውዬ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ከ«ሞርኒንግ» ያለፈ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ሊቆጣን ነው ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ ስል...

«እናትህን ማን ነገራቸው?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምኑን?»

«እዚህ ባሕታዊ እንደነበረ።»

እዚሁ አጠገብ፣ የድሮው የከተማ በር ጥግ፣ ከግንቡ ጋር ተያይዛ የተሠራች ጠባብ በኣት ነበረች አለኝ። ባሕታዊውን የሚሾመው ንጉሡ ራሱ ነው። የባሕታዊው ሥራ ደግሞ ለንጉሡና ከእሱ በፊት ላለፉት ነገሥታት ነፍስ መጸለይ። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይተካል። አስቡት... ያን ሁሉ ፈረሰኛ የሚያዝ ንጉሥ፣ ስለ ነፍሱ ሲጨነቅ ተስፋው ግንብ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ደሃ ነበር።

ስድስት ዓመት የተደገፍኩት ይሄንን ነው!

ለእናቴ ስተረጉምላት ቅንጣት አልገረማትም። «አላልኩህም?» ብላ ወደ ግንቡ ተመለሰች። ድንጋዩን በመዳፏ እየዳበሰች በለሆሳስ አወራችው።

«አባቴ፣ ያን ሁሉ ንጉሥ በጸሎት ጠብቀዋል። አንድ ልጅ አይከብድዎትም። ሰው የለውም... አደራ።»

እንባዬ መጣ። ኮሊን አማርኛ አያውቅም፣ ግን ኮፍያውን አወለቀ።

ቅዳሜ ኤርፖርት ላይ እናቴ አላለቀሰችም። ግንባሬን ሳመችኝና «አሁንስ ሰው አለህ» ብላኝ ገባች።

ምሳዬን አሁንም እዛው ነው የምበላው። ከመቁረሴ በፊት ግን ሳንድዊቼን ወደ ግንቡ ዘርጋ አድርጌ «እንብላ አባቴ» እላለሁ። ትናንት እንዲሁ ስል፣ ከግንቡ ሥር ሣር ሲነቅል የነበረው ኮሊን እሱን የጋበዝኩት መስሎት መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። ግማሹን ሰጠሁት። የት እንደምኖር ጠየቀኝ፣ ስሜንም ጠየቀኝ።

አባታችን ሥራ ጀምረዋል መሰለኝ...