ግማሽ መደብ ሲሊከን

በጉራጌ ምድር ማይክሮፕሮሰሰር የነደፈ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ወልቂጤ ውስጥ ይህን ያልሰማ ካለ ወይ ትናንት የገባ እንግዳ ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። በየሻይ ቤቱ ተናግሬዋለሁ፤ ወደ እምድብር በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቄ ተናግሬዋለሁ፤ አንድ ጊዜማ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ጀምሬው ባለቤቴ በክርኗ ጎሽማ አስቆመችኝ።

እርግጥ የነደፍኩት እኔ አይደለሁም። እሷ ናት። እሷ ማለት ዩኒቨርሲቲ ያስተማርኳት፣ ዛሬ ቢሮ የምንጋራ የእንሴኖ ልጅ ናት። አስተማርኳት ስል ደግሞ እኔ ፊት ቆሜ ሳወራ እሷ ኋላ ተቀምጣ መጽሐፉን ታነብ ነበር ማለቴ ነው።

አባቷ በርበሬ አምራች ናቸው። አንድ ጊዜ የውኃ ፓምፑን አስነስተው ሳያጠፉት ለሽምግልና ይጠራሉ። የጉራጌ ሽምግልና ደግሞ ቶሎ አያልቅም። ሲመለሱ ችግኙ በሙሉ ውኃ ውስጥ ተኝቷል። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጅቱ ሐሳቧ አንድ ሆነ፤ የአፈሩን እርጥበት እየለካ ፓምፑን ራሱ የሚያስነሳና የሚያጠፋ፣ ጥፍር የማያክል ቺፕ። ገበያ ላይ ያለውን ገዝተሽ ለምን አትሠሪበትም ያላት ብዙ ነው፤ አንዱ እኔ ነኝ። ሌሎች የሠሩትን ማንበብ እችላለሁ፣ አሁን የምፈልገው መጻፍ ነው ብላ መለሰችልኝ፤ ዳግመኛ አልጠየቅኳትም።

የእኔ ድርሻ ሰዓቱ ነበር። ቺፑ ጊዜ እንዲቆጥር፣ ያውም በእኛ አቆጣጠር ጠዋት አንድ ሰዓት ብሎ እንዲጀምር የሚያደርገውን ክፍል እኔ ጻፍኩ። ፓምፑ ሰዓት አያስፈልገውም፤ ደረቁን ከእርጥቡ ከለየ በቂው ነው። እኔ ግን ገበሬው ይወደዋል ብዬ ሙጭጭ አልኩ። እሷም ትልቅ ሰው አይገፋም ብላ አስገባችልኝ። ሰዓቴ እንደ ወሬዬ ሆነና የቺፑን ሩብ ያዘው።

በኮምፒውተር የተሳለ ቺፕ ወረቀት ላይ እንደተሳለ በሬ ነው፤ አያርስም። የሚሠራው ባሕር ማዶ ባለ ፋብሪካ ሲሆን ለብቻ ማሠራት ለእኛ ቢጤ የሚታሰብ አይደለም። ያን ዓመት ግን ቡታጅራ ላይ የቺፕ ነዳፊዎች ጉባኤ እንደሚደረግ ተሰማ። ዩኒቨርሲቲዎችም ኩባንያዎችም ሥራቸውን ያቀርባሉ፤ ኮሚቴው የመረጣቸው ንድፎች አንድ ላይ ተጠቃለው በአንድ የሲሊከን ገበታ ላይ ይሠራሉ። ሌላ ዙር መቼ እንደሚኖር የሚናገር አልነበረም። እሷ ይህን ለዲናችን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ጠዋት ደከመች። ዲኑ አሁንም አሁንም መነጽሩን ያወልቃል። በመጨረሻ እኔ ጣልቃ ገብቼ፣ “ቅርጫ ነው” አልኩት። “በሬው አንድ ነው፤ ሁሉም መደብ መደቡን ይዞ ይሄዳል።” ወዲያው ፈረመ።

የዚህን ንግግር ፍሬ በልቼ ልቤ ስላበጠ ፖስተሩንም ለእኔ ተዉልኝ አልኩ። ወልቂጤ የሠርግና የምርቃት ባነር የሚያትም ወዳጅ አለኝ። የቺፑን ንድፍ አሳየሁት፤ አረንጓዴ በቀይ፣ ሰማያዊ በቢጫ የተጠላለፈ መስመር ብቻ ነው፣ አንድ ፊደል የለበትም። ለማን ቤት የሚሆን ምንጣፍ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ማሽኑ ጠባብ ስለሆነ ንድፉን ለብቻው፣ ርዕሱን ለብቻው አተመልኝና ቡታጅራ ጉባኤው በሚደረግበት ሆቴል አዳራሽ ግድግዳ ላይ እኔው አጣብቄ ሰቀልኩት።

ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ከፖስተሩ ፊት ቆሜ ያላስረዳሁት ፍጡር የለም። እሷ በአዳራሹ ሌላ ጥግ አፈር በሞላው ባልዲና በትንሽ ፓምፕ ለጊዜው እንደ ቺፑ የሚሠራውን የሙከራ ቦርድ ታሳያለች፤ እኔ በዱላ እየጠቆምኩ ይኼ ሜሞሪው፣ ይኼ ሒሳብ ሠሪው፣ ይኼ ግዙፉ የእኔ ሰዓት እላለሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሽበታም ፕሮፌሰር፣ መጥተው አንገታቸውን ወደ ቀኝ ሰበር አድርገው ረጅም ጊዜ ሰሙኝ። በንግግሬ የተማረኩ መስሎኝ ሰዓቱን ደግሜ አስረዳኋቸው። አንገታቸውን ወደ ግራ ሰበሩ፤ አመሰግናለሁ ብለውኝም ሄዱ።

እሷ ለምሳ ስትመጣ ከሩቅ ቆመች። ሻሿን አስተካከለች፤ ቀረብ አለች፤ ግራና ቀኝ አየች።

“ጋሼ፣ ተዘቅዝቋል።”

“ምኑ?”

“ቺፑ። ላዩ ታች ነው።”

ግማሽ ቀን ሙሉ ሜሞሪ እያልኩ በዱላ የቆረቆርኩት ሰዓቴን ነበር። ሰዓቴ እያልኩ ያሞገስኩት ደግሞ ሜሞሪውን። ወንበር ስባ ወጣችና ባነሩን ፈታ ገለበጠችው። ከዚያ ምሳዋን ትታ ፕሮፌሰሩን ፍለጋ ሄደች። በረንዳው ላይ አግኝታቸው ክፍል በክፍል እንደ አዲስ ስታስረዳ በመስኮት አየኋት። አንገታቸው በዚያን ጊዜ ቀጥ ብሎ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ፕሮፌሰሩ ውጤቱን ሊናገሩ ወጡ። የገበታው መደቦች ሁሉ ባለቤት አግኝተው አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። ለዚያች አንዷ ሁለት ንድፎች እኩል ነጥብ አምጥተዋል፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች ለኤሌክትሪክ ቆጣሪ እንዲሆን የነደፉት ቺፕ። ኮሚቴው ሊስማማ አልቻለም።

እኔ እንግዲህ የመስቀል ልጅ ነኝ። ቅርጫ ላይ አድጌአለሁ። ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ ከተመደበ በኋላ እንዴት ክርክር እንደሚበርድ አውቃለሁ፤ እያንዳንዱ አንድ ምልክት ያወጣል፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የጠርሙስ ክዳን፤ ፊቱን ያዞረ ሰው እያነሳ በየመደቡ ላይ ይጥላል፤ የወደቀለት ያነሳል፤ የሚያጉረመርም የለም። ተነሣሁና ወደ መድረኩ ሄጄ የቤቴን ቁልፍ የኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። እናንተም አውጡ፣ ፕሮፌሰር ፊታቸውን ያዙሩ አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንደኛው የአዲስ አበባ ልጅ ግን ነገሩ ገብቶት፣ “ፋዘር ይመቾት” ብሎ ፍላሽ ዲስኩን ከቁልፌ ጎን አኖረ። ፕሮፌሰሩም ሐሳቡን እንደ መውደድ አሉ።

እሷ ከኋላ ተነሣች።

“ዕጣው ይቅር” አለች። “ያቺ ቺፕ እዚህ የደረሰችው በዕድል አይደለም። በዕድል እንድትቀርም አልፈልግም።”

ፕሮፌሰሩ ታዲያ ምን ይሻላል አሏት።

“ጋሼ ቅርጫ ካሉ ሥርዓቱ ሙሉ ይሁን። ሙሉ መደብ የማይችሉ ሁለት ቤቶች አንዱን መደብ ለሁለት ይገቡበት የለም ወይ? እነሱም ይጥበቡ፣ እኛም እንጥበብ።”

የእሷ ቤትና የእኔ ቤት በአንድ ቅርጫ ገብተው አያውቁም፤ የእሷ ለአረፋ፣ የእኔ ለመስቀል፣ ቢላዋው ይለያያል። ቅርጫን ግን ከእኔ እኩል ታውቃለች። ፕሮፌሰሩ ከኮሚቴው ጋር ተነጋገሩ። ጉባኤው ማታ ከመዘጋቱ በፊት ሁለቱም ንድፎች በግማሽ ቦታ ከገቡ ይሁን፤ ያልገባው ይቀራል አሉ። ቁልፌን አንሥቼ ወረድኩ።

ከሰዓት በኋላውን የሆቴሉ በረንዳ ላይ አሳለፍነው። ኮምፒውተሩ ክፍሎቹን ራሱ እየደረደረ ሽቦ ይዘረጋል፤ ከዚያ ገባ ወይም አልገባም ይላል። መጀመሪያ ሜሞሪውን አሳነሰች። አልገባም። የሙከራ ክፍሉን አወጣች። አልገባም። ለወደፊት ብላ ያስቀመጠችውን ሁለተኛ ፓምፕ ማዘዣ አወጣች፤ እሱን ስታወጣ ከንፈሯን ነከሰች። አልገባም። የራሷን ሥራ ከዳር እስከ ዳር ስትልጥ ዓይኗ አንድም ጊዜ እኔ ክፍል ላይ አላረፈም፤ በእሳት ዙሪያ እንደሚሄድ ሰው ዞራው ታልፋለች። ዓይነ ስውር እንኳ የማይስተው ነገር ነበር። እኔም አይቼ እንዳላየሁ ማኪያቶዬን አማስላለሁ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

በመጨረሻ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች።

“ጋሼ፣ ሰዓቱ…”

የእጅ ሰዓቴን አይቼ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው አልኳት። አልሳቀችም። በርቀት የአዲስ አበባ ልጆች ሲጨባበጡ ይታያሉ፤ የእነሱ ገብቶላቸዋል።

ያን ጊዜ ብዙ ነገር ልናገር አስቤ ነበር። ገበሬው ይወደዋል የሚለውን ልደግም፣ በእኛ አቆጣጠር የሚሄድ ቺፕ በዓለም የለም ልል። ከዚያ ሁለተኛውን ፓምፕ ስታወጣ የነከሰችውን ከንፈር አየሁት፤ የጥርሷ ምልክት አሁንም አለበት። ላፕቶፑን ወደ እኔ ሳብኩት።

“የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የማወጣውም እኔ ነኝ” አልኳትና ሰረዝኩት።

ኮምፒውተሩ ሲዘረጋ ሲያስር ቆየ። ገባ። ገብቶም ከጥግ በኩል እፍኝ የማትሞላ ባዶ ቦታ ተረፈች። ተቻኩላ የሆነ ነገር ጨመረችባት፣ ምን እንደሆነ ስጠይቃት ቦታ መሙያ ነው አለችኝ። መዝጊያው ንግግር ሳይጀመር ለፕሮፌሰሩ አስረከበች። የዚያን ዕለት ማታ ወደ አባቷ ስትደውል የሰማኋት በጉራግኛ ነበርና ቃል በቃል አልተረጉመውም፤ ብቻ ፓምፑን ራስዎ እየጠበቁት ይቆዩ፣ ቺፑ ይመጣል የሚል ነበር።

ቺፑ ከወራት በኋላ ወልቂጤ ደረሰ። አንዱን ባልዲው ላይ ሞከረችው፤ አፈሩ ሲደርቅ ፓምፑ ተነሣ፣ ሲርስ ጠፋ። ደጋግማ አጠጣችው፣ ደጋግማ አደረቀችው፤ አንዴም አልሳተም። በዚያው ሳምንት መጨረሻ እንሴኖ ወሰደችው፤ እስከ ዛሬ አባቷ ማሳ ላይ ነው። ሽማግሌው አሁን ያለ ስጋት ለሽምግልና ይሄዳሉ፤ ሽምግልናውም ከበፊቱ ይበልጥ እየረዘመ መጣ ይባላል።

ክዳኑ ያልታሸገ፣ ውስጡ የሚታይ አንድ ቺፕ ለእኔ ሰጠችኝ። የቺፕ ነዳፊዎች ልማድ አለ፤ ትርፍ ጥግ ካገኙ በዓይን የማይታይ ትንሽ ሥዕል ይተዉባታል። ጥጓን በማይክሮስኮፕ ይዩ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው አለችኝ። ስሜን ጽፋ ነው ብዬ ቺፑን በመቆንጠጫ አስቀመጥኩት፤ የክፍሉ ተማሪዎች በሙሉ ከበቡን። አጎንብሼ አየሁ። ስሜ የለም። አንዲት ፍላጻ አለች፣ ከጎኗ “ላይ” የሚል ቃል፤ ማንም ከእንግዲህ ቺፑን ዘቅዝቆ እንዳይሰቅለው።

ፍላጻዋ ወደ ታች ታመለክት ነበር። ማይክሮስኮፕ ነገር ይገለብጣል አልኩ፣ ቶሎ ብዬ።

“ይኼኛው አይገለብጥም፣ ጋሼ” አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ አይገለብጥም። በዚያ ቺፕ ላይ የእኔ የሆነ ነገር ያቺ ፍላጻ ብቻ ናት፤ እሷንም ተማሪዎቼ ፊት ዘቅዝቄ አስቀምጬአታለሁ።