በቁሟ የተለቀሰላት እህቴ

ባለፈው ሰሞን የእናቴን ሣጥን ስከፍት የእንዶድ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና ክዳኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እናቴ ሳሙና ቤት ሞልቶ ነጠላዋን በእንዶድ ካላጠበች የጸዳ የማይመስላት ሴት ነበረች፤ ፍሬውን ወቅጣ፣ አረፋውን በገበቴ አስነሥታ፣ ነጠላዋን አሽታ አሽታ አጥሩ ላይ ስታሰጣው ግቢያችን ሁሉ ያንን መረር ያለ ሽታ ይሸት ነበር። ሌላው ሰው እንዶድ ሲሸተው ምን ትዝ እንደሚለው አላውቅም። እኔን ትዝ የሚለኝ እህቴ በቁሟ የተለቀሰላት ጠዋት ነው፤ ይኸው ስንት ዘመን አልፎም ሳስበው ክው እላለሁ።

ቤታችን ከዳባት ወደ ደባርቅ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነበር። አባቴ መሪጌታ ይባቤ የደብሩ የዜማ መምህር ስለነበር፣ ጠዋትና ማታ ከጓሯችን ባለችው ጎጆ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ድጓ ያስተምር ነበር፤ እኛ ልጆች እንቅልፍ የሚወስደን በዜማ፣ የምንነቃውም በዜማ ነበር። እናቴ ጥሩዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን እንደሷ ትምህርት የሚወድ ሰው አላየሁም። እህቴን ዓለምነሽን፣ እኔ እታለም የምላትን፣ ለጋብቻ የሚጠይቅ ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ጠላ አጠጥታ፣ አስቃ አጫውታ፣ «ልጄ ገና ተማሪ ናት» ብላ ትሸኝ ነበር። እታለም ደባርቅ ቤት ተከራይታ ሁለተኛ ደረጃ ስትማርም ስንቋን በጀርባዋ አዝላ በገበያ ቀን የምታደርስላት እሷው ነበረች።

እታለም አሥራ ሁለተኛን በጨረሰችበት ክረምት፣ ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል እየተሳበ ወጥቶ ደጃችንን በሚሸፍንበት በሐምሌ፣ አንድ ቀን ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በዝናብ በስብሳ፣ እየሳቀች መጣችና ቻይና አገር ነፃ የትምህርት ዕድል እንዳገኘች፣ የውኃ ምህንድስና እንደምትማር ነገረችን። እኔን ነገሩ ብዙም አልደነቀኝም። ያኔ ለእኔ ቻይና የአገር ስም ሳይሆን የመንገድ ሠሪ ስም ነበር፤ ሊማሊሞ ላይ መንገድ የሚሠሩትን ባለ ሰፋፊ ባርኔጣ ሰዎች ሁሉም «ቻይና» ይላቸው ስለነበር፣ እህቴ እነሱ ካምፕ ገብታ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመለስ መስሎኝ ነበር። የደነገጥኩት እናቴን ሳይ ነው። ያቺ ለልጇ ትምህርት ስትል ስንቱን ሽማግሌ ባዶ እጁን የመለሰች ሴት የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠችና «ጎንደር ምን አለው?» አለች። ጎንደርም ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ጠዋት የተሳፈረ ለምሳ ይደርሳል፤ ብትታመም ሄዳ ታስታምማታለች። ይህን ብላ ወንፊቷን አነሣች፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ቻይና የሚያነሣባትን ሰው አትወድም ነበር።

ነሐሴ ገብቶ ፍልሰታ ሲያዝ አባቴ ውሎ አዳሩ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ቅዳሴ ወጥቶ እህል ሊቀምስ ብቅ ሲል ብቻ ነበር የምናገኘው፤ እሱና እናቴ ስለ እታለም የሚመክሩትም በዚያች ሰዓት ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ መሪጌታ እንቢ ብለው እናቴ የምትለምን መስሎት ነበር፤ ነገሩ ግን ተገለበጠ። አባቴ ከራስ ዳሽን ሥር አምቢኮ ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ ከእናት ካባቱ ተለይቶ ጎጃም ድረስ ዜማ ፍለጋ የዞረ ሰው ስለነበር፣ ለተማሪ አገር ለቆ መሄድ ወጉ ነው ባይ ነበር። እናቴ ይህን ሰምታ ሰምታ አንድ ቀን መለሰችለት።

«እርስዎ በእግርዎ ሄዱ፣ በእግርዎ ተመለሱ። እሷ የምትሄድበት በእግር የሚመለሱበት አይደለም። ብትሞትብኝስ ማን ይቀብራታል? ማን ያለቅስላታል?»

አባቴ የቆረሰውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠ። በእኛ አገር ሰው ከሞት ይልቅ አልቃሽ ማጣትን ይፈራል፤ ይህን ደግሞ ከካህን የበለጠ የሚያውቀው የለም። ከዚያም የእናት ምርቃት የሌለበት መንገድ አያደርስም፣ ስለዚህ የጥሩዬ ቃል የእኔም ቃል ነው፣ እሷ ትሂድ ካለች ትሄዳለች፣ ትቅር ካለች ትቀራለች አለ። እታለም ከበሩ በስተኋላ ቆማ ትሰማ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ገብሱ ማሸት ሲጀምር ለቻይናው ዕድል መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን ደረሰ። እናቴ አሁንም ትሂድም ትቅርም አላለችም። እታለም በዋዜማው መልሷን ልትሰጥ ወደ ደባርቅ ስትነሣ፣ እስከ ነገ ምሽት ከቤት ቃል ካልመጣላት እንደምትቀር ለአባቴ ነገረችውና፣ እናቴ በጓዳ ሳለች፣ እሷን ሳትሰናበት ወጣች። ተቀይማ ሳትስም ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነበር። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ባዶውን ደጅ ስታይ የሆነችውን እስካሁን አልረሳውም፤ ያን ቀን እራትም አልበላች።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ለኪዳን ጸሎት ተነሥታ፣ መብራት ሳታበራ ነጠላዋን ከመስቀያው ላይ አንሥታ ለብሳ ወጣች። አባቴ ቀድሟት ሄዷል። መንገድ ላይ ውኃ ልትቀዳ የምትወርደው ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ አገኘቻት። እትዬ ስንዱ ያየችው ዓይኗ በለቅሶ ያበጠ፣ ነጠላዋን የዘቀዘቀች እናት ነው። ነጠላ ሲለበስ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጥለቱ ወደ ላይ ተገልብጦ አንገት ሥር የሚውለው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ምነው አለቻት። እናቴም በጨለማ የለበሰችውን ልብ ሳትል፣ በሆዷ ያደረውን ተናገረች።

«ዓለሜ ሄደችብኝ፤ ሳትስመኝ ሄደችብኝ።»

ይህን ብላ ወደ ቤተ ክርስቲያን አለፈች። እትዬ ስንዱ ለመሪጌታ ልታረዳ የምትሮጥ መሰላት። ጀሪካኗን እዚያው ጥላ እሪ አለች።

እኔ የነቃሁት በእሪታው ነው። ወደ ደጅ ስወጣ ግቢው ሰው በሰው ሆኗል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ደረታቸውን ይደቃሉ፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጥሩ ሥር ተደርድረዋል። አንዷ ጎትታ አቀፈችኝና «እህትሽን አጣናት» አለችኝ። ዕንባ እንኳ አልመጣልኝም። ዓይኔ የእታለም የላስቲክ ጫማ ላይ ተተከለ፤ የሐምሌ ጭቃ እንደደረቀበት ደጃፉ ላይ ነበርና ጫማዋን ትታ እንዴት ትሞታለች እያልኩ እሱን ብቻ አስብ ነበር።

እናቴ ከኪዳን ስትመለስ ለቅሶው ጠበቃት። መጀመሪያ የሞትኩት እኔ መሰልኳት፤ ስሜን እየጠራች ሰዉን ገፍታ ገባችና በአካል ስታየኝ ቆመች። ማን ነው ብላ ጠየቀች፤ የሚመልስላት አልነበረም፤ መርዶውን ያመጣችው እሷ ናት ብሎ የሚያስብ ሰው ምን ብሎ ይመልስላት? ወዲያው የእታለምን ስም በሙሾው ውስጥ ሰማች። እሷ ጸሎት ላይ ሳለች ከደባርቅ መርዶ የመጣ መሰላት። ስህተቱ ከራሷ ወጥቶ አገር ዞሮ ወደ ራሷ ተመለሰ፤ እሷም አመነችው። መሬት ላይ ስትወድቅ ያሰማችውን ድምፅ ልጽፈው አልችልም።

እትዬ ስንዱ መሐል ገብታ ታለቅስ ነበር። ልጇ ለሥራ ሩቅ አገር ሄዶ ስለነበር፣ ስልክ ደውላ የምታገናኛት እታለም ነበረች።

«ስልክ እንኳ መደወል እኔ መች አውቄ፣
በጣቷ ነበረ ልጄን መጠየቄ።»

አባቴ ይህን ጊዜ ደረሰ። ጥምጥሙ ተፈትቶ ትከሻው ላይ ወርዶ፣ መቋሚያውን እንደያዘ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ልጇ አባቴ ዘንድ ዜማ የሚማር አንዲት ሴት ሙሾውን ተቀበለች።

«ከአጥር ወዲያ ሆና ዜማውን ሰምታ፣
ልጄን ታርም ነበር ሰው ሳያይ በማታ።»

አባቴ ሴትየዋን አየ፤ ከዚያ ከጓሮ ያለችውን የማስተማሪያ ጎጆ አየ። የገዛ ልጁ ከአጥር ማዶ ሆና ድጓውን እንደቀሰመች፣ ተማሪዎቹ ሲስቱ የምታቀናቸው እሷ እንደሆነች በዚያች ደቂቃ ሰማ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው።

ለካ ከሰፈር አንዱ ስለ አስከሬኑ ሊጠይቅ ለእታለም የቤት አከራይ ደውሎ፣ «እነ መሪጌታ ቤት ለቅሶ አለ» ካለ በኋላ ስልኩ ተቋርጦበት ኖሯል። አከራይዋ ሟቹ ማን እንደሆነ አላወቀችም። እንደ ወጉ መርዶ ላለማርዳት እታለምን ቀስቅሳ፣ «እናትሽን ትንሽ አሟታል መሰለኝ፣ ብቅ ብትዪ» አለቻት። በእኛ ዘንድ «ትንሽ አሟታል» የተባለ ሰው መሞቱን የማያውቅ የለም። እታለም ያገኘችው አይሱዙ ላይ ተሰቅላ መጣች፤ ጩኸቱን ከመንገድ ሰምታ «እናቴን! እናቴን!» እያለች፣ በገዛ ለቅሶዋ መሐል እየሮጠች ገባች።

ሙሾው ተቆረጠ። አንዲት አሮጊት በስመ አብ ብለው አማተቡ፣ ሌላዋ ተዝለፍልፋ ወደቀች፤ ወንዶቹ ሳይቀሩ ከአጥሩ ሥር ተነሥተው ወደ ኋላ ሸሹ። እናቴ ከመሬት ቀና አለች። እታለም ሞታለች ያለቻትን እናቷን አየች፣ እናቴም ሞታለች ያለቻትን ልጇን አየች፤ ሁለቱም መተቃቀፍ ፈርተው ቆሙ። ከዚያ እናቴ እጇን ዘርግታ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን ዳበሰቻት። እትዬ ስንዱ ግን ነጠላዋን ዘቅዝቃ አግኝቻት ነው፣ ሄደችብኝ ብላኝ ነው እያለች መማል ጀመረች። እናቴ ጎንበስ ብላ ነጠላዋን አየችው። ጥለቱ አንገቷ ሥር ነበር።

ሰው ሳቅም ለቅሶም ተቀላቀለበት። ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም፤ በቁም የተለቀሰለት ሰው መንገድ አይወጣም፣ ሟርት ነው፣ ጠበል ተረጭታ እዚሁ ትቅር አሉ። አባቴም ጥምጥሙን በእጁ እንደያዘ ወደ እታለም ቀርቦ፣ ልጁን ገና ዛሬ ማወቁ እንደሆነና ብትቀር ራሱ እንደሚያስተምራት ነገራት። የሰፈር ሽማግሌ ቅሪ ሲላት አባቴም ተጨመረበትና እኔ በቃ ቀረች ብዬ ደስ አለኝ። ይህን ጊዜ እናቴ ተነሣች።

«ልጄን ሞታ አየኋት። አገር አልቅሶላታል፤ ከእንግዲህ የምፈራው የለኝም። መሄድ ከሞት አይብስም፤ ትሂድ።»

አባቴ የጥሩዬ ቃል የእኔም ቃል ነው ብሎ ነበርና፣ ቢመረውም፣ አንገቱን ደፋ። ለለቅሶ የተቀቀለውን ንፍሮ ሰዉ እየዘገነ እታለምን መረቀበት፤ እናቴም ንፍሮው ሳያልቅ ቀኑ እንዳያልፍባት ብላ መልሳ ወደ ደባርቅ ላከቻት።

ጥቅምት ላይ፣ ገብሱ ሲታጨድ፣ እታለምን ከደባርቅ መነኻሪያ ሸኘናት። እናቴ በእንዶድ ያጠበችውን አንድ ነጠላዋን ሰጠቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ከቤት ስትወጣ ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆማ «ጥለቱ የት ነው? እስቲ እይልኝ» ትለኝ ነበር፤ እኔም ዞሬ አይቼ «ታች ነው» እላት ነበር። አባቴ እስካረፈበት ጊዜ ድረስ በዚህ ሲስቅባት ኖሯል።

እናቴ ያረፈችው አምና በክረምት ነው። መንገዱም ኔትወርኩም የተዘጋበት ሰሞን ስለነበር፣ ተምራ እዚያው ቻይና ሥራ ይዛ የቀረችው እታለም የሰማችው እናቴ ተቀብራ ከሰነበተች በኋላ ነው፤ መምጣትም አልቻለችም። በስልክ ስንገናኝ ብዙ አላወራችኝም ነበር። የነገረችኝ ባለፈው ወር ነው። በሰማች ማግስት ያንን ነጠላ ዘቅዝቃ ከልብሷ በላይ ደርባ ከቤት ወጣች። ባቡር ተሳፈረች፣ ሥራ ገባች፣ ሲመሽ ገበያውን ዞረች፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው «ምነው?» ይለኛል ብላ። አብራት የምትሠራ አንዲት ደግ ሴት ብቻ ጥለቱን በጣቷ ነካ አድርጋ «ያምርብሻል» አለቻት።

ይህን ይዤ እትዬ ስንዱ ዘንድ ሄድኩ። አርጅታ ከቤት አትወጣም። ነገሩን ስነግራት «ብቻዋን አለቀሰች?» አለችና ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ጥለቱን በጣቷ ፈልጋ፣ ዘቅዝቃ ለበሰችው። ከዚያ ደውዪልኝ አለችኝ፤ ስልክ መደወል ዛሬም አታውቅም። ደወልኩላት። እትዬ ስንዱ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ በደከመ ድምፅ፣ ለእናቴ ሙሾ ታወርድ ጀመር፤ ከወዲያ በኩል እታለም እየጮኸች ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር። ያኔ አንድ ነጠላ በስህተት ቢዘቀዘቅ ፀሐይ ሳትወጣ አገር ተነሥቶ ነበር። ዘንድሮ ለእውነተኛው ሐዘን አንዲት አሮጊት፣ ያውም በስልክ፣ ያውም ዓመት አልፎ ደረሰችላት። እታለም ግን አሁን ገና እናቴን ቀበርኳት አለችኝ።