የሁለታችን ካውያ

ባለፈው ሳምንት ቦሌ አራብሳ፣ የልጅ ልጄ ማህሌት ቤት ስገባ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን ሆነሽ?»

«እማዬ፣ ለመሥሪያ ቤታችን ሁለት የኮምፒውተር ትእዛዝ ጽፌ ነበር። አንዱ የቆዩ ፋይሎችን ያሳያል፣ ሌላው ያጠፋል። ሰው የቀን ቁጥር ካልሰጣቸው፣ የሚያሳየው ከሰባት፣ የሚያጠፋው ከዘጠና ቀን በላይ የቆየውን እንዲወስድ ነበር ያሰብኩት። ግን ቁጥሩን ሁለቱም በሚጋሩት አንድ ቦታ አስቀመጥኩት። በኋላ የገባው ሰባት ዘጠናውን ሻረው። የሥራ ጓደኛዬ ቁጥር ሳትሰጥ ማጥፊያውን ስታስነሳ ከሳምንት በላይ የቆየው ሁሉ ጠፋ። አሁን አለቆቻችን የሚቆጡት እሷን ነው።»

የድሮ የሥራ ጓደኛዬ ወርቅነሽ ትዝ አለችኝ።

ያኔ በወጣትነቴ ቦሌ መንገድ አጠገብ በአንድ ሆቴል ልብስ ተኳሽ ነበርኩ። ክረምት ነው፤ ጫማችን ጭቃ ጠግቦ፣ ምሳችን ሻይና ዳቦ። ካውያው አንድ፣ እኛ ሁለት። እኔ የጠረጴዛ ልብስ በከፍተኛ ሙቀት፣ ወርቅነሽ የእንግዶችን ልብስ በዝቅተኛ እንተኩሳለን። የጨረሰች ሙቀቱን ወደ ሌላዋ ልክ መልሳ ትሄዳለች። ስለዚህ ካውያውን ስናነሳ መቆጣጠሪያውን የምታይ አልነበረችም።

አንድ ቀን ሆቴሉ ለሚያስተናግደው ሠርግ ስንጣደፍ ሙቀቱን ዝቅ ሳላደርግ ወጣሁ። ስመለስ ክፍሉ የተቃጠለ ሐር ይሸታል። ወርቅነሽ የእንግዳዋን ቀሚስ ይዛ ቆማለች፤ ጀርባው ላይ የካውያው ቅርጽ ታትሟል።

«ዓይንሽ የት ነበር?» አላት አለቃችን አቶ ታምራት። «ሽርጥሽን አውልቂ!»

እሷ ወደ እኔ እንኳ አላየችም። አራስ እህቴ የምታድረው በእኔ ደሞዝ ነው፤ ብናገር እባረራለሁ። ወርቅነሽ የሽርጧን ቋጠሮ መፍታት አቅቷት ስትታገል ሳይ ግን፣ ሳላስበው ድምፄ ወጣ።

«እኔ ነኝ! ሙቀቱን ሳልመልስ የሄድኩት እኔ ነኝ። ደግሞ ለሁለት ሥራ አንድ ካውያ የሰጠን ማነው?»

«ምላስሽ ረዘመ» አለኝ። በዚያው ቀን በእሷ ምትክ እኔ ተባረርኩ። በዝናብ እየተንቀጠቀጥኩ በእግሬ ቤቴ ገባሁ፤ ለእህቴ ምን እንደምላት ሳላውቅ በሩ ላይ ቆምኩ። ሌላ ሥራ እስካገኝ ድረስ ያ ፍርሃት አልለቀቀኝም። እውነት መናገር ሸክም ያቀልላል የሚሉ ሰዎች ምን ተናግረው እንደሆነ እንጃ። እኔ የቀለለኝ ነገር የለም፤ ወርቅነሽን መንገድ ላይ ሳገኛት ግን ፊቴን አላዞርኩም።

«አሁኑኑ ለአለቆችሽ ደውይና የእኔ ጥፋት ነው በይ» አልኳት ማህሌትን።

«ቢያባርሩኝስ?»

«ሊያባርሩሽ ይችላሉ» አልኳትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።