ሃያ አምስት ዓመት የቆየ መርዶ

ፍራንክፈርት፣ ኒድ ሰፈር ውስጥ የሚያውቁት ሁሉ ሰይፈ ገብርኤልን ጭምት ነው ይሉታል። ጎረቤት ሰፈር ሆኽስት ካሉት የኬሚካል ፋብሪካዎች በአንዱ ዕድሜውን ጨርሶ አሁን ሬንተውን፣ ጡረታውን ማለት ነው፣ የሚበላ፣ ሚስት ያላገባ፣ ከማንም የማይጣላ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ምን ይደብቃል? የሰው ሞት ደብቆ ነበር የኖረው። አትደንግጡ፣ ገድሎ አይደለም።

ዓምደ ሚካኤል የሚባል ጓደኛ ነበረው። ከደርግ ሸሽተው፣ በሱዳን አድርገው፣ አብረው ነው ጀርመን የገቡት። ስደተኛው ሲደለደል ለሰይፈ ገብርኤል ፍራንክፈርት ሲደርሰው፣ ጓደኛውን ከከተማው በስተሰሜን አንዲት የገበሬ መንደር ላይ ጣሉት። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ ላይ፣ በአንድ እሑድ፣ ሰይፈ ገብርኤል ሊጠይቀው ቀጥሮት እንቅልፍ ጥሎት ቀረ። ዓምደ ሚካኤል በብስክሌት ጣቢያው ድረስ መጥቶ፣ ሦስት ባቡር ጠብቆ፣ ሲመለስ በረዶ አንሸራተተውና ቦይ ውስጥ ወደቀ። ሞቶ የተገኘው በማግስቱ ነው። የቀበረውም ሰይፈ ገብርኤል ነው።

መርዶ ደግሞ በደብዳቤ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኩቶ ነው ወጉ። ደብረ ብርሃን ላሉት ለሟቹ እናት፣ ለወይዘሮ ዕፀገነት፣ ከዚህ ሆኖ ማንን ይላክ? እስከዚያው ብሎ በልጃቸው ስም «ደህና ነኝ» የምትል ደብዳቤ ጻፈ። እስከዚያው የተባለው ሃያ አምስት ዓመት ሆነ። ስልክ ሲገባላቸውም በስልክ ቀጠለ፤ የእናትየው ጆሮ ደክሟል፣ የልጃቸውንም ድምፅ ከሰሙ ዘመን አልፏል። «ጓደኛህ ሰይፈ ገብርኤልስ?» ይሉታል ሁልጊዜ። ደህና ነው ይላቸዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሱ ግን እያደር ደፈረሰ።

በሁለት ሺህ ሦስት ኅዳር ላይ «ለገና ካልመጣህ ዓይኔ አይከደንም» አሉት። ዘጠና ሞልቷቸዋል። የሌለ ሰው ሲጠብቁ ነፍሳቸው ልትወጣ ነው። ያኔ አለቀሰ፤ አልቅሶም ማለ፦ በሙት ዓመቱ ዕለት መቃብሩ አጠገብ ቆሞ ሊደውልና እውነቱን ሊነግራቸው።

በየዓመቱ በዚያች ቀን ብቻውን በባቡር ሄዶ፣ ሟቹ የተመለሰባትን መንገድ እስከ መቃብሩ በብስክሌት ይሄድባታል። የዘንድሮው በረዶ ግን ለጉድ ነበር። ከኒድ በከተማው ባቡር፣ በኤስ-ባን፣ ሄዶ ዋናው ጣቢያ ወርዶ፣ ብስክሌቱን የሰሜኑ ባቡር ላይ አሰረ። አንዲት አሮጊት ጎማውን አይታ፣ በዚህ ቀን ትነዳለህ ወይ ብላ ቆጣ አለችበት። ሰው እየጠበቀኝ ነው አላት።

ከጣቢያው ሲወጣ መንገዱ ጭር ብሏል። ከኋላው የሌላ ብስክሌት ሰንሰለት ሲንኳኳ ሰማ። ሲቆም ቆመ፤ ሲነዳ ተከተለው። ዞሮ አላየም፤ ማየቱን ፈራ፣ ምን ይዋሻል። ቦዩ ጋ ሲደርስ ወርዶ በእግሩ ገፋ።

የመቃብር ቦታው ሲደርስ ግን መቃብሩ የለም። ድንጋዩም፣ መስቀሉም የለም፤ የተደለደለ መሬት ላይ በረዶ ተኝቶበታል። መንገድ የሚጠርገው አትክልተኛ ቀስ ብሎ አስረዳው፦ እዚህ የመቃብር ዘመን በሃያ አምስተኛው ዓመት ያልቃል፣ ሲያልቅ ይነሣል፤ ደብዳቤ ቢላክለት የተመዘገበው የድሮ አድራሻው የፈረሰ ቤት ሆነ። ወይ ጉድ! መቃብር ቀን አለው ብሎ በየት በኩል ያስብ? በሱ አገር እኮ የተቀበረ እንደተቀበረ ነው። አሁን ዓምደ ሚካኤል ከሱ አፍ በቀር የትም የለም።

ቢሆንም ሃንዲውን አውጥቶ ደወለ። ጎረቤት አንስታ ለእናትየው ሰጠቻቸው።

«ዓምዴ?»

«እማዬ፣ የምነግርሽ አለኝ። ሰው ሞቷል።»

«ማን?»

ስሙ ምላሱ ላይ ነበር። ሊለው አፉን ከፈተ፤ መጨከን ግን አልሆነለትም።

«ሰይፈ ገብርኤል» አለ።

ከዚያ በኋላ የነገራቸው ሁሉ እውነት ነው። ቀጥሮት እንደነበር፣ እንቅልፍ ጥሎት እንደቀረበት፣ ጓደኛው ሦስት ባቡር ጠብቆ በረዶው እንደጣለው፣ ለማንም ተንፍሶት የማያውቀውን ሁሉ ተናገረ።

«እንቅልፍ የእግዜር ነው፤ ራስህን አትክሰስ» አሉት። «ለእናቱስ መርዶ ተነገራት?»

«እናት የለውም። ገና ልጅ ሳለ ነው የሞተችበት።»

«እንግዲያ እኔ አለሁለት» አሉና ድምፅ አውጥተው ስሙን እየጠሩ ያለቅሱለት ጀመር፤ ልጄ፣ የሰው አገር የበላህ፣ ቀባሪ አግኝተህ አልቃሽ ያጣህ አሉት። ሰይፈ ገብርኤል ቆቡን አውልቆ ለራሱ የተለቀሰውን እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ። በዕድሜው እንዲህ የራራለት ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ እናትየው ለቅሷቸውን ገቱ።

«አንተ ብቻ ኑርልኝ፣ ዓምዴ።»

«እሺ፣ እማዬ» አለ ዓምደ ሚካኤል።