የጓደኛው ተራ

በምሠራበት የድምፅ ማኅደር አንዲት ጠባብ መቅረጫ ክፍል አለች። አንድ ራፐር በየሳምንቱ ይከራያታል። ሰፊ ኮቱን እጅጌውን አጥፎ ይለብሳል፤ ማይክሮፎኑ ፊትም መሐሉን ለሌላ ሰው የለቀቀ ይመስል ወደ ግራ ጠጋ ብሎ ይቆማል።

ግጥሙ ስለ ፈረሱ ቤቶችና ስለ ውሃ ወረፋ ነው። አንድ ስንኝ ይልና ዝም ይላል። ምቱ ብቻውን ይሄዳል። ከዚያ ሦስተኛውን ስንኝ ይቀጥላል። ሁለተኛው የሟች ጓደኛው ተራ ነበር።

ዛሬ አልበሙን ሊያወጣለት የተዋዋለው ፕሮዲውሰር አብሮት መጣ።

“ወንድሜ፣ ክፍተቱን ሙላውና ይውጣልህ። ስለ ፍቅር በልበት፤ ማን ይጠይቅሃል?”

“እኔ ሰሙን ነበር የምለው ጋሼ። ገልብጦ ወርቁን የሚያወጣው እሱ ነው።”

“ሙት ይዞ ይሞታል አሉ! ውሉን ልቅደደው?”

“ይቅደዱት።”

ፕሮዲውሰሩ በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ። ራፐሩ ማዳመጫውን አጥልቆ ከመጀመሪያው ጀመረ። እህቴን ከቀበርኩ ወዲህ ዝምታን እንዲሁ አላልፈውምና ከመቅረጫ ጠረጴዛዬ ሆኜ በክፍሉ መስታወት ትክ ብዬ አየሁት። ክፍተቱ ላይ ሲደርስ ጆሮውን ወደ ባዶው መሐል ዘንበል አደረገ። ጠበቀ። ከዚያ በሳቅ ፍርስ አለ። የለመደውን ነገር የሚያስታውስ ሰው ሳቅ አልነበረም፤ ያልጠበቀው ቀልድ ድንገት የገባው ሰው ሳቅ ነበር።

ቀረጻውን አቆምኩ። እንባውን በእጅጌው እየጠረገ በመስታወቱ አየኝ።

“ይቅርታ፣ እንደገና እንጀምር” አለኝ። “ዛሬ ስንኙን ቀየረብኝ።”