ኒል ንፋስ እስኪያገኘው

ባልዲ ውስጥ የተረሳ ጎመን ሲበሰብስ የሚያወጣው ሽታ ዛሬም ከቤት ያስወጣኛል፤ ልጆቼ ይስቁብኛል፣ እኔ ግን ወዲያው ጅጅጋ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ አንድ የታጠቀ ሰው የእናቴን እጅ ጠምዝዞ «ይሄ የወረቀት ማባዣ ቀለም ነው» ያለበት ጠዋት ላይ ነኝ።

የተቃውሞ ወረቀት በሌሊት የሚበተንበት፣ በተበተነ ቁጥርም ሰው የሚታፈስበት ዘመን ነበር። የኛ እጅ ደግሞ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው። እናቴ ኒል የሚባለውን ቅጠል እንስራ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ እንደ በሰበሰ ጎመን እስኪሸት አቆይታ፣ የአመድ ውሃ ጨምራበት ለሱማሌ ሴቶች ሻሽ ትነክር ነበር፤ እኔም ቅጠሉን ስረግጥ እግሬ ሳይቀር ሰማያዊ ስለሚሆን፣ የሰፈር ልጆች «ሰማይ ረግጣ መጣች» ይሉኝ ነበር።

«ጓድ፣ የቅጠል ነው» አለች እናቴ።

«ቅጠል አረንጓዴ ነው። ማንን ልታሞኚ ነው?»

«ነክረው ይዩት።»

ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፎ ጫፉን ነከረና አወጣው። ኒል አመሉ ነው፤ ከእንስራው ሲወጣ እንደ ሐሞት ቢጫና አረንጓዴ ነው፣ ሰማያዊ የሚሆነው ንፋስ ሲያገኘው ቀስ እያለ ነው።

«ትንሽ ይታገሱኝ» አለች።

«ጎመንሽ እስኪበስል?» ብሎ ጓደኞቹን አሳቃቸውና፣ እርጥቡን ነጠላ ፊቷ ላይ ወርውሮ እየገፈተረ ወሰዳት። እኔ ከማገዶው ክምር ኋላ ተደብቄ እያየሁት፣ ነጠላው አፈር ላይ እንደወደቀ ጫፉ ሰማያዊ ሆነ። ይዤው እንዳልከተላቸው የኔም እጅ ሰማያዊ ነው።

ቅጠሉን ከፋፈን ወንዝ ዳር የምታመጣልን ጎረቤታችን ሀሊሞ በአጥሩ ቀዳዳ ጎትታ አስገባችኝ። «አታልቅሺ፣ እንባሽ ያጥበዋል» እያለች እስከ ክርኔ ሂና በላይ በላዩ ለጠፈችብኝ፤ ሲነሳ እጄ እንደ ሙሽራ እጅ ጠቁሮ ነበር። በማግስቱ ሻሽ አስራልኝ፣ ከልጆቿ አንዷ መስዬ፣ በጭነት መኪና እህቷ ወዳለችበት ወደ ሸደር ወጣን።

ኬላው ላይ ወታደሩ እጄን ገልብጦ አየው።

«ይቺ ናት ሙሽራዋ?»

«የአክስቷ ሰርግ ነው፤ ወላሂ አንተም ና፣ ስጋ ሞልቷል» አለችው ሀሊሞ።

ሳቀና ለቀቀን።

እናቴን ከዚያ ጠዋት ወዲህ ያየ ሰው የለም፤ መቃብሯንም የሚያሳየኝ አላገኘሁም። ኒል ስንት ቀን እንደሚዘፈዘፍ፣ አመዱ የምን እንጨት እንደሆነ ይዛው ሄደች። ሸደር፣ የሀሊሞ እህት ቤት ስገባ ግን የግመል ወተት ሰጡኝ፣ ምንጣፍ ላይ አስተኙኝ፣ እጅሽን አሳዪ ያለኝም አልነበረም። እኔ ተረፍኩ።